ገጹን የሚያስብ እጅ፦ የ«ትቬን» መጽሔት የጉዳይ ጥናት ከድሬዳዋ

ይህ የጉዳይ ጥናት «ትቬን» ስለተባለው የጀርመን የወጣቶች መጽሔት ነው። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1959፣ በእኛ አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም.፣ በኮሎኝ ከተማ መውጣት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 1971 የመጨረሻ እትሙን አውጥቶ ተዘጋ። ዕድሜው አሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ሆኖም በገጽ ቅንብር ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ዛሬም ስሙን ያነሣሉ፤ ገጾቹ በሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ታይተዋል፤ በአውሮፓ ከእሱ በኋላ በወጡ መጽሔቶች ላይም አሻራው ይታያል። መልስ የምፈልግለት ጥያቄ አንድ ነው፦ የዚህን መጽሔት መልክ ከጽሑፉ እኩል እንዲናገር ያደረገው ምንድን ነው?

ጥያቄው ከራሴ ሥራ የመጣ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ገጽ ሳቀናብር ኖሬአለሁ፤ የሠርግ ጥሪ፣ የትምህርት ቤት መጽሔት፣ የዕድር ደንብ፣ የሱቅ ማስታወቂያ በእጄ አልፏል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በከዚራ ሠፈር የሚሰበሰቡ ወጣቶች የራሳቸውን መጽሔት ለማሳተም ተነሡና ቅንብሩን እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። በዚያው ሰሞን ጀርመን አገር ኖሮ የተመለሰ ጎረቤቴ ሦስት ያረጁ የ«ትቬን» ቅጂዎች ይዞ መጣና «ላንተ ይሆናል» ብሎ ሰጠኝ። ጀርመንኛ አላነብም፤ ገጾቹን ግን ስገልጥ አመሸሁ። አንድም ቃል ሳይገባኝ የቱ ታሪክ ሐዘን እንደሆነ፣ የቱ ጭፈራ እንደሆነ፣ የቱ ክርክር እንደሆነ ለየሁ። ታሪኩን ፈልጌ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ከተማችን ለኅትመት እንግዳ አይደለችም። የካፑቺን ሚሲዮን እ.ኤ.አ. በ1905 ሐረር ላይ ጋዜጣ ማሳተም ጀምሮ ነበር፤ የሚሲዮኑ የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤትም ኋላ ድሬዳዋ ላይ መጻሕፍት ሲያትም ኖሯል። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደርሶ ከተማዋን ሲወልዳት ወረቀትና ቀለም ከጅቡቲ በእሱ ተጭኖ ለመምጣት መንገድ አገኘ። ይህን የማነሣው ከሩቅ አገር የመጣ መጽሔት እዚህ መመርመሩ ያለ ቦታው እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ኮሎኝ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1959 ጀርመን ከጦርነቱ ማግሥት አሥራ አራት ዓመት ቆጥራለች። ኮሎኝ በቦምብ ከፈራረሱት ከተሞች አንዷ ነበረች፤ በዚያ ዓመት ግን ቤቱ ተሠርቷል፣ ፋብሪካው ይጨሳል፣ ገበያው ሞልቷል። አገሪቱን የሚመሩት ቀድሞ የዚያችው ከተማ ከንቲባ የነበሩት ኮንራድ አደናወር ሲሆኑ ዕድሜአቸው 83 ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ሕፃን የነበረው ትውልድ ሃያ ዓመት ሞልቶታል፤ ጃዝ ያዳምጣል፣ ፓሪስና ሮም መሄድ ይመኛል፣ አባቱን ግን በጦርነቱ ጊዜ ምን ይሠራ እንደነበር ለመጠየቅ ድፍረቱን ገና አላገኘም። ጋዜጣውና መጽሔቱ የሚጻፈው ለአባትየውና ለእናትየው ነበር። ወጣቱን በራሱ አፍ የሚያናግር፣ እንደ ልጅም እንደ ተማሪም ሳይሆን እንደ ሙሉ ሰው የሚቆጥር ኅትመት ጎድሎ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ጉድለት ያዩት አዶልፍ ቴዎባልድና ስቴፋን ቮልፍ የተባሉ ሁለት ወጣት አሳታሚዎች ናቸው። ከዚያ ቀደም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሆን መጽሔት ያወጡ ነበር። አዲሱን መጽሔት «ትቬን» ብለው የሰየሙት «ሃያ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ቆርጠው ነው፤ ታላሚው አንባቢም ከሃያ እስከ ሠላሳ ዓመት ያለው ሰው ነበር። ስሙ ራሱ የተቆረጠ ቃል መሆኑን ልብ ይሏል፤ የመጽሔቱ ጠባይ ከስሙ ይጀምራል። ሙዚቃ፣ ፍቅር፣ ፋሽን፣ ጉዞ፣ ሥነ ጽሑፍና ፖለቲካ በአንድ ጥራዝ ተቀመጡ። ስሙ ከወረቀት አልፎም ሄደ፤ ከፊሊፕስ ጋር በመተባበር በመጽሔቱ ስም የሙዚቃ ሸክላዎች ታትመው ተሸጠዋል።

ገጹን የሠራው ሰው ቪሊ ፍሌክሃውስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1925 በፌልበርት ከተማ ተወለደ፤ ለጦር ሜዳ ዕድሜው ከደረሰው ትውልድ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሥራውን የጀመረው በጋዜጠኝነት ሲሆን «አውፍቬርትስ» በሚባለው የሠራተኛ ማኅበራት የወጣቶች መጽሔት ውስጥ ሲሠራ ገጽ ማቀናበርን እዚያው በሥራ ላይ ተማረ። ይህ ነጥብ ለጥናቱ ቁልፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ፍሌክሃውስ የሥዕል ተማሪ ሆኖ ወደ መጽሔት የገባ ሰው አልነበረም፤ ዜና ምን እንደሆነ፣ አንድ ዘገባ የት ላይ እንደሚከብድና የት ላይ እንደሚላላ የሚያውቅ ጸሐፊ ነበር። መቀስ ሲያነሣ የሚቆርጠው ፎቶውን ብቻ አይደለም፤ ታሪኩን ነው። «አርት ዳይሬክተር»፣ ማለትም የመጽሔትን መልክ የሚመራ ሰው፣ የሚለው የሥራ መጠሪያ በጀርመን አገር እምብዛም በማይታወቅበት ጊዜ እሱ ያንን ሆነ፤ ኋላ ላይ «የጀርመን እጅግ ውዱ እርሳስ» እስከመባል ደርሷል።

ከባዶ አልተነሣም። በአሜሪካ መጽሔቶች ውስጥ አሌክሲ ብሮዶቪች የተባለው ሩሲያ ተወላጅ ነጭ ቦታን እንደ ድምፅ አድርጎ ሲጠቀምበት ቆይቶ ነበር፤ በስዊዘርላንድ ደግሞ ጥብቅ የሆነ የፊደልና የዓምድ ሥርዓት ያለው የቅንብር ትምህርት አብቦ ነበር። ፍሌክሃውስ የመጀመሪያዎቹን ድፍረት ከሁለተኞቹ ሥርዓት ጋር አጋባ። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ይስማማሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነበር።

ሥርዓቱ ይህን ይመስላል። የመጽሔቱ ገጽ 26.5 ሴንቲ ሜትር በ33.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከኤ ፎር ወረቀት በሁለቱም በኩል ይበልጣል። ፍሌክሃውስ ይህን ገጽ በአሥራ ሁለት ቀጫጭን ዓምዶች ከፈለው። አሥራ ሁለት ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራትና ለስድስት ስለሚካፈል ጽሑፉ በሁለት ሰፊ ዓምድም፣ በሦስትም፣ በአራትም ሊሄድ ይችላል፤ ፎቶው ሰባት ዓምድ ይዞ ጽሑፉ በቀሩት አምስት ውስጥ ሊቆም ይችላል። አንባቢው መስመሮቹን አያያቸውም፤ ነገር ግን ከገጽ ወደ ገጽ ሲሄድ ሁሉም ነገር በአንድ የማይታይ ግድግዳ ላይ እንደተደገፈ ይሰማዋል።

ይህን ለወጣቶቹ ለማስረዳት ብዙ ተቸግሬ ነበር፤ በመጨረሻ ከጠረጴዛው አስነሥቼ ወደ መንገድ ይዣቸው ወጣሁ። ከዚራ ከባቡሩ ጋር በፈረንሳዮች ተለክቶ የተሠራ ሠፈር ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ በረድፍ የቆመ፣ ማዕዘኑ የተለካ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን መጋላ ሠፈር ስንገባ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ሱቁ ከሱቅ ላይ ይደረባል፣ ቀለሙ ይለዋወጣል፣ ዓይን ዕረፍት የለውም። «ትቬን» ማለት የመጋላ ሕይወት በከዚራ መንገድ ላይ ሲሄድ ማለት ነው አልኳቸው። ፎቶው ይጮኻል፣ ርእሱ ይገፋል፣ ታሪኩ ይሞቃል፤ ከሥር ያለው መስመር ግን አይነቃነቅም። ከመካከላቸው አንዱ «እንግዲያው መስመሩ ሲጠብቅ ነው ፎቶው የሚለቀቀው» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አላነበብኩም።

በዚህ መስመር ላይ የተቀመጠው ነገር ግን ያስደነግጥ ነበር። ሽፋኑ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው፤ ከጥቁሩ ውስጥ አንድ ፊት ይወጣል፣ «ትቬን» የሚለው ስም በትንንሾቹ የላቲን ፊደላት ደምቆ ይጻፋል። ውስጡ ሲገለጥ አንድ ዓይን ሁለት ገጽ ሙሉ ይዞ ይመጣል፤ ቀጥሎ ያለው ገጽ ደግሞ ባዶ ሆኖ በጥጉ አንድ አጭር አንቀጽ ብቻ ይቆማል። ርእሱ ጠባብ ቁመናና ወፍራም መስመር ባለው፣ «ሽማልፌተ ግሮቴስክ» በሚባል ፊደል እንደ ግንብ ይደረደራል፤ ጽሑፉ ግን ትንሽና ጸጥ ያለ ነው። የፎቶ አቆራረጡን ደጋግሜ መርምሬዋለሁ። ግንባር ተቆርጦ ዓይን ይቀራል፣ ትከሻ ወጥቶ አንገት ይቀራል፤ የቀረው ሁልጊዜ ታሪኩ የሚፈልገው ክፍል ነው። ፎቶ አንሺ ቅር ሊለው ይችላል፤ አንባቢ ግን ይቆማል።

ከመጽሔቱ ፎቶዎች ሁሉ የሚነሣው አንድ ነው። ቪል ማክብራይድ የሚባለው አሜሪካዊ በወታደርነት ወደ ጀርመን መጥቶ እዚያው የቀረ ፎቶ አንሺ ነበር። እርጉዝ ባለቤቱን በጎን በኩል አነሣት፤ የጂንስ ሱሪዋ አዝራር ተፈቷል፣ ሸሚዟ ወደ ላይ ተሰብስቧል፣ ሆዷ ክብ ሆኖ ይታያል። «ትቬን» ይህን እ.ኤ.አ. በ1960 ሲያትመው ትልቅ ቁጣ ተነሣ። እርግዝና በቤት ውስጥ የሚደበቅ ነገር በነበረበት አገር አንዲት ወጣት ሴት ያለ ሃፍረትና ያለ ጌጥ እንዲያው ቆማ መታየቷ ብዙዎችን አስቆጣ፤ ብዙ ወጣቶች ደግሞ ራሳቸውን አዩበት። ይህን ፎቶ ለወጣቶቹ ሳሳያቸው እኔም አመንትቼ ነበር። በእኛም ከተማ እናቶች እርግዝናን ከዓይን ይሰውራሉ፤ ምክንያቱ ግን ሃፍረት ሳይሆን ከክፉ ዓይን መጠበቅ ነው። ከቡድኑ አንዷ ልጅ ፎቶውን ረጅም ጊዜ ስታይ ቆይታ ያለችው አንድ ነገር ነበር፤ በፎቶው ያለችው ሴት ካሜራውን እንዳላየችው፣ ሰው ሊያያት እንደሆነም እንዳልተጨነቀች። የፎቶው ኃይል በእርግጥም እዚያ ላይ ነው፤ ፍሌክሃውስም ይህን ስላየ በጌጥ አልሸፈነውም።

እዚህ ላይ የራሴን ፍርድ ልስጥ። ስለ «ትቬን» የሚነገረው ብዙ ጊዜ ስለ ጥቁር ገጽ፣ ስለ ትልቅ ፎቶና ስለ ወፍራም ርእስ ነው። እነዚህ ውጤቶች ናቸው፤ ምንጩ ሌላ ነው። ምንጩ ጽሑፉን የሚመርጠውና ገጹን የሚያቀናብረው ሰው በአንድ ጠረጴዛ መቀመጡ፣ ከዚያም አልፎ በአንድ ጭንቅላት ውስጥ መገናኘቱ ነው። በብዙ ቦታ፣ በእኛም ዘንድ፣ ጽሑፉ አልቆ በፍላሽ ይመጣል፤ አቀናባሪው «አስገባው» ይባላል፤ እሱም ያስገባል። ገጹ ሲሞላ ሥራው አለቀ። በዚህ አሠራር የተሠራ ገጽ ቢያምር እንኳ አይናገርም፤ ምክንያቱም ምን ሊባል እንደተፈለገ ያቀናበረው ሰው አልተጠየቀም። እኔም ለዓመታት የሠራሁት እንዲሁ ነው።

የመጽሔቱ መጨረሻም ሊታይ ይገባል። በዕድሜው ባለቤቶቹ ተቀያይረዋል፤ አዘጋጅ ክፍሉም ከኮሎኝ ወደ ሙኒክ ተዛውሯል። እ.ኤ.አ. በ1959 ሃያ ዓመት የነበረው አንባቢ በ1971 ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶት ልጅ ያሳድጋል። በመካከሉ የ1968 የተማሪዎች እንቅስቃሴ መጥቶ ወጣቱን ከፋፍሎታል፤ አንዱ ወገን ሰልፍና ክርክር ይፈልጋል፣ ሌላው ሙዚቃና ልብስ። በ1959 ድፍረት የነበረውም በ1971 የማንም መጽሔት የዕለት ሥራ ሆኗል፤ ሌሎች ከእሱ ተምረው ነበርና። «የሃያዎቹ» ብሎ ራሱን የሰየመ መጽሔት አንባቢው ሲያረጅ አብሮ ማርጀት አይችልም፤ በየዓመቱ አዲሱን ሃያ ዓመት ልጅ እንደገና ማግኘት አለበት። ይህ ሸክም ለማንም የወጣቶች መጽሔት ከባድ ነው።

ፍሌክሃውስ ግን መጽሔቱ ሳይዘጋም በሌላ መስክ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ለዙርካምፕ አሳታሚ ድርጅት የቀጫጭን መጻሕፍት ተከታታይ ሽፋን አወጣ፤ ፎቶ የለም፣ ሥዕል የለም፣ ስምና ርእስ ብቻ፣ ቀለሙ ግን ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ በ48 ዓይነት እየተቀየረ በመደርደሪያ ላይ ሲቆም ቀስተ ደመና ይሆናል። ፎቶን ያን ያህል ያናገረ ሰው ፎቶ በሌለበት ደግሞ ቀለምን ብቻ አናገረ። ኋላ በኤሰንና በቩፐርታል አስተምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የጀመረውን የፍራንክፉርት ጋዜጣ መጽሔትም አቀናብሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ጣሊያን አገር ሞተ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1965 የተጀመረው «ኖቫ» መጽሔት ከ«ትቬን» ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኮሎኝ በሚገኘው የተግባራዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹ በትልቅ ዐውደ ርእይ ቀርበዋል።

ወደ ድሬዳዋ ልመለስ፤ ምክንያቱም የጉዳዩ ሁለተኛ ክፍል እዚህ ነው። ወጣቶቹ አራት እትም የሚያሳትሙበት ገንዘብ ነበራቸው። በመጀመሪያው እትም ላይ የሠራነው ስሕተት ግልጽ ነው፤ የ«ትቬን»ን ልብስ ወስደን አካሉን ተውነው። ሽፋኑን ጥቁር አደረግን፣ ውስጡንም ሁለት ገጽ ሙሉ በጥቁር ሞላን። ያተመልን ቤት ቀለሙ ሳይደርቅ ቅጂዎቹን ደራርቦ ቆለላቸው፤ ወረቀታችንም ቀጭን ነበር። ጥቁሩ በፊት ለፊት ያለው ገጽ ላይ እንደ ጥላ ታተመ፣ በእጥፋቱ ላይ ነጭ ሆኖ ተሰነጠቀ፣ የያዘውን ሰው ጣት አጠቆረ። የማተሚያ ቤቱ ጥድፊያ እንዳለ ሆኖ፣ ዋናው ጥፋት የእኔ ነው። ጥቁር ገጽ የሚያምረው ሊሸከመው በሚችል ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱን ሳልጠይቅ ቀለሙን መረጥኩ።

ሁለተኛው ትምህርት ከፊደላችን መጣ። አሥራ ሁለቱን ዓምድ በኤ ፎር ላይ አሰመርነው፦ በግራና በቀኝ 1.5 ሴንቲ ሜትር ኅዳግ ስንተው 18 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ በዓምዶቹ መካከል 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲወጣ እያንዳንዱ ዓምድ 1.1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጽሑፉን እንደ «ትቬን» በሦስት ብንከፍለው አንዱ ዓምድ ከ6 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። የአማርኛ ቃል ደግሞ ረጅም ነው፤ መነሻውንም መድረሻውንም፣ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በአንድ ላይ ይሸከማል። «እንደሚያስፈልጋቸውም» የሚለውን ቃል በጠባብ ዓምድ ውስጥ አስገብተው ግራና ቀኙን እኩል ላድርግ ቢሉ በቃላቱ መካከል ጉድጓድ ይከፈታል፤ ገጹ ላይ ከላይ ወደ ታች ነጭ ጅረት ይወርዳል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህ ችግር አልነበረባቸውም፤ ቃሉን በመስመሩ መጨረሻ በየትኛውም ፊደል ላይ ቆርጠው ወደሚቀጥለው ያሻግሩታል፣ ሁለት ነጥቡ የቃሉን ወሰን ስለሚጠብቅ አንባቢ አይሳሳትም። እኛ ሁለት ነጥቡን በባዶ ቦታ ከተካን በኋላ ያን ነፃነት አጥተናል። በመጨረሻ ጽሑፉን በሁለት ዓምድ፣ እያንዳንዳቸው 8.8 ሴንቲ ሜትር አድርገን፣ ቀኙን ሳናስተካክል ለቀቅነው። ፍሌክሃውስ ያሰመረውን ሳይሆን ለምን እንዳሰመረው ማየት የጀመርነው ያን ቀን ነው።

የርእስ ፊደልም አስቸግሮናል። ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው፣ ዘንበል ያለም አለው፤ እኛ ይህ የለንም። ለዓመታት የለመድናቸው የኮምፒውተር ፊደሎች አብዛኞቹ አንድ ውፍረት ብቻ ያላቸው ስለነበሩ «ቦልድ» ሲባሉ ማሽኑ በግድ ያወፍራቸዋል፤ የ«ወ»፣ የ«ዐ»፣ የ«ፀ» ዓይን ይደፈናል። ስለዚህ ርእስን በማወፈር ማጉላት ተውንና በመጠን ማጉላት ያዝን፦ ጥቂት ፊደል፣ እጅግ ትልቅ፣ በዙሪያው ብዙ ነጭ።

ይህ ነጭ ግን ክርክር አስነሣ። ገንዘብ የምትይዘው ልጅ የመጀመሪያውን ንድፍ አይታ፣ «አቦ ጋሼ፣ ግማሹ ገጽ ባዶ'ኮ ነው! ወረቀቱን እንደሆን ከፍለንበታል፤ አንድ ማስታወቂያ እንኳ አናስገባበትም?» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ እያንዳንዱ ገጽ ብር ነው። የመለስኩላት በቃል ሳይሆን በማሳየት ነው፦ ባዶውን በማስታወቂያ ሞልቼ አንድ ቅጂ፣ ባዶ ትቼ ሌላ ቅጂ አተምኩና ጎን ለጎን አስቀመጥኩላት። ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ማስታወቂያውን ወደ መጨረሻው ገጽ ራሷ አዛወረችው።

ጉዳዩ ወደ ፍሬ የደረሰው በአራተኛው እትም ነው። ከቡድኑ አንዱ ስለ አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር መካኒክ ዘገባ ጻፈ። አባታችን ዕድሜአቸውን በአሮጌው የባቡር ወርክሾፕ ያሳለፉ፣ አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ባቡር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ዘገባው 1,100 ቃላት ነበር፤ ጥሩ ነበር፤ ግን ስለ ባቡሩ ታሪክ የሚያወራው ክፍል ማንም የሚያውቀው ነው። ፎቶ ያነሣችው ልጅ በስልኳ ሃያ ያህል ፎቶ ይዛ መጣች፤ አብዛኞቹ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ወደ ካሜራው ሲያዩ ናቸው። ከነሱ ውስጥ አንዱ ብቻ፣ ሳያውቁት የተነሣ፣ ሻይ ብርጭቆ ሲቀበሉ ነው። እጃቸው ይታያል፤ የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር የለውም፣ በመዳፉ መስመር ውስጥ የገባው ጥቁር ዘይት ከብዙ ዓመት ጡረታ በኋላም አልወጣም።

ሦስታችን በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጥን፤ ጸሐፊው፣ ፎቶ አንሺዋና እኔ። ፎቶውን ከግራ ቆረጥነው፣ ከላይ ቆረጥነው፣ ፊቱም ወጣ፣ በሩም ወጣ፤ እጁና ብርጭቆው ቀሩ። ስናሳድገው ግን ደበዘዘ፤ ልጅቷ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስለላከችው ረጅሙ ጎኑ ወደ 1,280 ነጥብ (ፒክስል) ወርዶ ነበር፣ ያ ደግሞ ለኅትመት በሚያስፈልገው በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲሰላ ከ11 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። እንደ ፋይል አድርጋ ስትልከው ሙሉው፣ 4,000 በ3,000 ነጥብ፣ መጣ። ያ መጠን 34 ሴንቲ ሜትር በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይታተማል፤ ከ«ትቬን» አንድ ገጽ ጋር የሚቀራረብ ነው። በልጅቷ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ የፍሌክሃውስን ገጽ ሊሞላ ጥቂት ብቻ ይቀረዋል ብዬ ስነግራት ሳቀች። ተቆርጦ የቀረው ክፍል ስምንት ዓምድ ያዘ።

ጸሐፊው ዘገባውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እኔ እንድቆርጥለት አልፈቀደም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። በነጋታው 430 ቃላት ይዞ መጣ። የባቡሩ ታሪክ ወጥቷል፤ ስለ አውራ ጣቱ ያለው አንቀጽ፣ ቀድሞ መጨረሻ ላይ የነበረው፣ ወደ መጀመሪያ መጥቷል። ርእሱ «የድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ ባለ ውለታ» የሚል ነበር፤ አሁን «እጅ» ብቻ ሆኗል። ሁለቱን ፊደላት በነጩ ገጽ ላይ ከላይ አስቀመጥናቸው፣ የ«እ» ግራ ጎን ጽሑፉ በሚጀምርበት መስመር ላይ ልክ እንዲያርፍ አድርገን።

እትሙ ሲወጣ ከዚራ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት አንድ ቅጂ ጠረጴዛ ላይ ትተን ተቀመጥን። አንድ ሰው ወንበሩን ሳበ፣ ሻይ አዘዘ፣ መጽሔቱን ከኋላ ጀምሮ ገለጠ። እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ገጹን ወደ ዓይኑ አቀረበ፣ ከዚያ የራሱን መዳፍ ከፎቶው አጠገብ ዘርግቶ አየው።